ብረቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ

እስቲ አንድ ነገር እናስብ።

በአቃቂ ቃሊቲ ዳር፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ በኩል፣ አንድ ገበሬ አሮጌ ቤቱን ያፈርሳል እንበል። ቆጡን ሲያወርድ በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ያገኛል። ሲፈታው የአያቱ ጠመንጃ ነው። ብረቱ ዝጓል። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል።

ወሬው ከግቢ ሳይርቅ ሁለት ሰዎች ይደርሳሉ። አንደኛው ቁራሌው ነው። «አባባ፣ ይሄ እኮ ያረጀ ብረት ነው፤ በኪሎ እንመዝነው» ይላል። ሁለተኛው ደላላ ነው። «አባቴ፣ ይሄ የዓድዋ ጠመንጃ ነው። ገዢ አለኝ። ለማንም እንዳይናገሩ!» ይላል።

ከሁለቱ ማንኛው እውነት ተናገረ? ምናልባት ሁለቱም አልተናገሩም። መልሱ ያለው ብረቱ ላይ ነው። «ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይባል የለ? የነበረው ብረቱ ነውና እሱ ያውራ። እናንተም ፊደል ቆጥራችኋል፤ ቁጥር ታነባላችሁ። እንግዲያው ማንም ሊያነብላችሁ አይገባም፤ ራሳችሁ አንብቡት።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

አሮጌ ጠመንጃ ሁልጊዜ ጥይት እንደጎረሰ ይቆጠራል። አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሩ። በአፈሙዙ ወደ ውስጥ አትመልከቱ። ቃታውን አትንኩ። ልጆችን አርቁ። ባዶ መሆኑን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይፈትሽላችሁ።

«እስቲ ይተኩስ እንደሆነ እንሞክረው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። አትስሙት። ጥይት ገባለት ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም። ጣሊያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎቿን ለቀጭን ጥይት ለውጣ ሠርታቸዋለች። መልኩ የድሮው ነው፤ ጉሮሮው ግን ሌላ ነው። በዚህ ላይ ዝገት ብረቱን በልቶታል። እንዲህ ያለው ጠመንጃ ሲተኮስ የሚጎዳው ጠላትን ሳይሆን ጉንጩን የደገፈበትን ሰው ነው።

እነዚህ ጠመንጃዎች ከየት መጡ?

የአውሮፓ ጦር አዲስ መሣሪያ ባገኘ ቁጥር አሮጌው ይተርፈዋል። የተረፈው ለነጋዴ ይሸጣል። ነጋዴው ደግሞ መርከብ ላይ ጭኖ ወደ ቀይ ባሕር ያመጣዋል። ከባሕሩ ዳር በግመልና በበቅሎ ወደ መሐል አገር ይገባ ነበር። ባቡር በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ደግሞ መንገዱ አጠረ። አቃቂም ባቡሩ ከሚቆምባቸው ጣቢያዎች አንዷ ነበረች።

በ1879 ዓ.ም. አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ 2,000 ያህል ያረጁ ጠመንጃዎች ከታጁራ ጭኖ ሸዋ ገባ። ይህ ሰው በአገሩ በባለቅኔነት የታወቀ ነው። ጠመንጃዎቹ አውሮፓ የጣለቻቸው ነበሩ። ራምቦ ብዙ ትርፍ ጠብቆ ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ግን የሟች ሸሪኩን ዕዳ ቆጥረው፣ ዋጋውንም ቀንሰው፣ ካሰበው እጅግ ያነሰ ከፈሉት። ምኒልክ መሣሪያ ያውቁ ነበር። ከዚህ የምንማረው ይህን ነው፤ ዋጋ የሚቆርጠው ዕቃውን የሚያውቅ ነው።

ሌላው ጠመንጃ በግዢ አልመጣም። በጦር ሜዳ የተማረከ ነው። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ ረሚንግተን የሚባለው የአሜሪካ ጠመንጃ በብዛት ተማረከ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ደግሞ ወደ 11,000 ጠመንጃና 56 መድፍ እንደተማረከ ይነገራል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አርበኞቻችን ከጠላት እጅ እየነጠቁ ታጥቀዋል።

በመልኩ እንዴት ይለያል?

ሰው ሁሉ ጠመንጃን በለመደው ስም ይጠራል። ስም ብቻ አይበቃም። ምልክቱን እዩ።

ሰናድር፦ የእንግሊዝ ነው። አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። የጥይት ማስገቢያው ክዳን እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ቀኝ ጎን ይከፈታል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የናፒየር ጦር ይህን ይዞ ነበር።

ውጅግራ፦ የፈረንሳይ ነው። ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የመጣ ነው፤ «የግራ ጠመንጃ» ማለት ነው። ግራ የሠሪው መኮንን ስም ነው። አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። አፈሙዙ ሰፊ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር። የምትጽፉበት እርሳስ ውፍረቱ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ነውና የቱን ያህል እንደሚበልጥ ገምቱት። በብረቱ ግራ ጎን የፋብሪካው ስም እንደ እጅ ጽሕፈት ተቀጣጥሎ ተጽፏል። 1874 የሚል ቁጥርም አለ።

ቬተርሊ፦ የጣሊያን ነው። አፈሙዙ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። የበርሜሉ ግንድ ክብ ሳይሆን ማዕዘን ማዕዘን አለው። በማዕዘኑ ላይ የፋብሪካው ከተማና ዓመቱ ተመቷል። ኋላ የተሻሻለው ዓይነት ከሆዱ በታች የወጣ ካዝና አለው፤ 4 ጥይት ይይዛል። በዓድዋ አብዛኛው የጣሊያን ወታደር የያዘው ይህን ነበር።

ካርካኖ፦ ይህም የጣሊያን ነው። አፈሙዙ ጠባብ ነው፤ 6.5 ሚሊ ሜትር። 6 ጥይት በአንድ ማቀፊያ ይጎርሳል። ሞዴሉ 1891 ይባላል። በ1928 ዓ.ም. የወረረን የፋሺስት ጦር ዋና ጠመንጃ ይህ ነበር።

ምንሽር፦ ስሙ ማንሊከር ከሚባለው የኦስትሪያ ሠሪ ስም እንደመጣ ይነገራል። የ1895ቱ ማንሊከር 5 ጥይት ይጎርሳል። ማቀባበያው ወደ ላይ ሳይዞር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። ከበርሜሉ ግንድ ላይ 95 የሚል ቁጥር ይታያል፤ የሞዴሉ ቁጥር ነው።

የቤልጂግ ሞዘር፦ 5 ጥይት ይጎርሳል። የተሠራው ኤርስታል በሚባል የቤልጂግ ከተማ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ለኢትዮጵያ መንግሥት ታዝዞ በመጣው ላይ የአንበሳ ምልክት ተቀርጿል።

ኤንፊልድ፦ የእንግሊዝ ነው። ካዝናው 10 ጥይት ይይዛል። ሰደፉ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በስተቀኝ፣ ዘውድና ዓመት ተመቷል።

ሦስቱን ቁጥሮች አታምታቱ

ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ብረት ላይ ሦስት ዓይነት ቁጥር ይኖራል።

አንደኛው የሞዴል ቁጥር ነው። ጠመንጃው መጀመሪያ የታቀደበት ዓመት ነው። 1874 ወይም 1891 የሚለው እንዲህ ያለ ነው። የእናንተ ጠመንጃ በዚያ ዓመት ተሠራ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው የተሠራበት ዓመት ነው። ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካው ስም አጠገብ ይመታል።

ሦስተኛው መለያ ቁጥር ነው። የአንዱን ጠመንጃ ከሌላው ይለያል፤ የሰው መታወቂያ ቁጥር እንደማለት ነው።

ዓመቱ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም አትርሱ። ወደ እኛ ለመመለስ 7 ወይም 8 ቀንሱ። ወሩ ስለማይጻፍ ሁለቱንም ያዙ። ለምሳሌ 1936 የሚል ቢሆን፦

1936 ሲቀነስ 8 እኩል ይሆናል 1928።
1936 ሲቀነስ 7 እኩል ይሆናል 1929።

አሁን ወደ ገበሬያችን እንመለስ። ደላላው «የዓድዋ ነው» ብሎት ነበር። ገበሬው ግን ብረቱን በጨርቅ ጠረግ ቢያደርገው 1936 የሚል ቁጥር አገኘ እንበል። ዓድዋ በ1888 ዓ.ም. ነው። ጠመንጃው የተሠራው ከዓድዋ 40 ዓመት በኋላ ነው። ደላላው ዋሽቷል፤ ወይም ማንበብ አልቻለም።

ታዲያ ጠመንጃው ዋጋ የለውም ማለት ነው? በፍጹም! በ1928 ገደማ ጣሊያን የሠራችው ጠመንጃ አያቱ ቆጥ ላይ እንዴት ተገኘ? ማን ማረከው? የት? ይህን የምታውቅ አንዲት አሮጊት አክስት በሕይወት ካለች፣ ከብረቱ ይበልጥ የከበረው በእሷ አፍ ያለው ነው።

ዋጋውን የሚያነሣና የሚጥል

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው ለዕቃ ሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ሰብሳቢ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ለታሪኩ ሲል የሚገዛ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዋጋ ሲገምት የሚያየው የሚከተለውን ነው።

በበርሜሉ፣ በማቀባበያውና በሰደፉ ላይ ያለው መለያ ቁጥር አንድ ከሆነ ዋጋው ከፍ ይላል። የተለያየ ከሆነ ከሁለት ሦስት ጠመንጃ የተገጣጠመ ነውና ዝቅ ይላል።

ምልክቱ በግልጽ የሚነበብ መሆን አለበት። ስለዚህ በአሸዋ አትፈትጉት። በብርጭቆ ወረቀት አታሹት። በሞረድ አትሞርዱት። የአንበሳውን ምልክት «ላሳምረው» ብሎ የፈተገ ሰው ታሪኩን ጠርጎ ጣለ። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ትንሽ ዘይት ቀቡት፤ ይበቃል።

በጠፍር የታሰረውን ሰደፍ አትፍቱ። ቀለምም አትቀቡት። ጠፍሩ የጠጋኙን እጅና የባለቤቱን ችግር የሚናገር ምስክር ነው።

ከሁሉ በላይ የተጻፈ ታሪክ ያለው ዕቃ ታሪክ ከሌለው ይበልጣል።

ሕጉን እወቁ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥሩ 1177 ነው። ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝ፣ መሸጥና ማዘዋወር ክልክል ነው። «አሮጌ ነው፣ አይተኩስም» ብላችሁ አትዘናጉ። ለቁራሌም ለደላላም አትስጡ። በድብቅ የተሸጠ ጠመንጃ ነገ ሰው ቢገደልበት፣ እዳው ተመልሶ ደጃችሁ ይመጣል።

ቅርስ የሆነ ዕቃም ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። «ውጭ አገር ልኬ እሸጥላችኋለሁ» የሚላችሁን ሰው ፈቃዱን ጠይቁት።

እንግዲህ ጠመንጃ ስታገኙ ተሸክማችሁ መንገድ አትውጡ። ባለበት ይቀመጥ። ሄዳችሁ በቅርብ ላለው ፖሊስ ተናገሩ፤ ምን ማድረግ እንዳለባችሁም ጠይቁ። ታሪክ ያለው መስሎ ከታያችሁ ለቅርስ ባለሥልጣን አመልክቱ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከፍቷል። የአባቶች መሣሪያ በክብር የሚታይበት ቦታ አለ ማለት ነው።

ደብተራችሁን አውጡ

ጠመንጃው መንግሥት ዘንድ ቢሄድ እንኳ ታሪኩ ቤታችሁ መቅረት አለበት። አንድ ገጽ ይበቃል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ የተገኘበት ቀንና ቦታ፤ ብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ፤ የማታውቁት የፈረንጅ ፊደል ካለ እንደ ሥዕል አስመስላችሁ ቅዱት። ቀጥሎ የባለቤቱን ስም፣ ከማን እንዳገኘው፣ ማን እንደነገራችሁ ጻፉ። አሮጊቷ አክስት የምትለውን እሷ እንዳለችው ጻፉት፤ አታሳምሩት። ዛሬ ነገ አትበሉ። ብረት ቢዝግም ይቆያል፤ ሰው ግን አይቆይም።

መልመጃ

1. ብረቱ ላይ 1917 የሚል የተሠራበት ዓመት አለ። በእኛ አቆጣጠር ስንት ነው?
2. በርሜሉ 4521፣ ማቀባበያው 4521፣ ሰደፉ 887 ይላል። ምን ትላላችሁ?
3. ሰው መጥቶ «1891 ይላል፤ ስለዚህ የዓድዋ ነው» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?

መልስ

1. 1909 ወይም 1910።
2. ሰደፉ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው።
3. «1891 የሞዴሉ ቁጥር ነው። የተሠራበት ዓመት ሌላ ነው። ና፣ አብረን እናንብበው» በሉት።