የሕመምተኛው ሽንት እንዴት ነው?

ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ጠይቀን ስንመለስ ቤት ያሉት «ትኩሳቱ በረደለት? እህል ቀመሰ?» ይሉናል። «ሽንቱስ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም፤ ነገሩ ያሳፍራልና። ይሁን እንጂ በሳንባ ምች፣ በተቅማጥ፣ በወሊድ ወይም በቀዶ ጥገና ምክንያት የተኛን ሰው፣ ከገባበት ሕመም ይልቅ በመካከሉ ሥራውን ያቆመ ኩላሊት ለሞት የሚዳርግበት ጊዜ አለ። ሐኪሞች ይህን ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ይሉታል።

አደጋው ምን ያህል ነው?

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ የብዙ አገሮችን ጥናቶች ያሰባሰበ ምርመራ ሆስፒታል ከተኙ አምስት አዋቂዎች አንዱ ያህል ይህ ጉዳት እንደሚደርስበት አሳይቷል። ከተጎዱት አዋቂዎች ውስጥ ደግሞ ከአራት አንድ የሚጠጋው ሕይወቱ አልፏል። እርግጥ ነው፣ ኩላሊቱ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በጽኑ የታመመ ሰው ነው፤ ሞቱ ሁሉ በኩላሊት ነው አይባልም። ነገር ግን በ2005 በአሜሪካ የወጣ ሌላ ጥናት የሕመምተኞቹን ዕድሜና የሕመማቸውን ክብደት ጭምር ከግምት አስገብቶ ነበር። በዚያም ክሬያቲኒን የተባለው የደም ቆሻሻ በ0.5 ሚሊ ግራም ብቻ የጨመረባቸው ሰዎች የሞት ዕድላቸው ከስድስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ኩላሊት ለምን ይደክማል?

ጭብጥ የሚያካክሉት ሁለቱ ኩላሊቶቻችን ልብ ከሚረጨው ደም አምስተኛውን ያህል ይቀበላሉ። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ አጥልለው አብዛኛውን ወደ ደም ይመልሱና አንድ ሊትር ተኩል ገደማውን በሽንት ያስወጣሉ።

ጉዳቱ በሦስት መንገድ ይመጣል። አንደኛው በተቅማጥ፣ በትውከት፣ በደም መፍሰስ ወይም በደም መመረዝ ሳቢያ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ሲያንስ ነው። ሁለተኛው ኩላሊቱ ራሱ ሲጎዳ ነው፤ ከባድ ወባ፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶች፣ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ይጎዱታል። ሦስተኛው የሽንት መውጫ በጠጠር ወይም በፕሮስቴት እብጠት ሲዘጋ ነው።

ሽንት ሲቀር ውኃው ሳንባ ላይ ይጠራቀማል፤ ፖታሲየም የተባለው ንጥረ ነገርም በደም ውስጥ በዝቶ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ክፋቱ ኩላሊት ሲደክም ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል።

አስታማሚው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ሽንቱን ይከታተል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በስድስት ሰዓት ውስጥ ከ180 ሚሊ ሊትር በታች፣ ማለትም አንድ የውኃ ብርጭቆ የማይሞላ ከሸና፣ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ሳይዘገይ ይነገር። ሽንት ሳይቀንስም ጉዳቱ ሊኖር ስለሚችል «ክሬያቲኒኑ ስንት ሆነ? ከትናንቱ ጨመረ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ሁለተኛ፣ ሕመምተኛው ቤት ሳለ የዋጠውን ክኒንና የጠጣውን የባህል መድኃኒት ሁሉ ሳይደብቁ መናገር ነው። ከውጭ የተገዛ ማስታገሻ በስውር ማቀበል ግን ጉዳት አለው።

ሦስተኛ፣ ጠያቂ የሚያመጣው ሙዝና ብርቱካን ፖታሲየም የበዛበት ነው። ሽንቱ ለቀነሰ ሰው ከመስጠት በፊት ሐኪም ይጠየቅ። ውኃም እንዲሁ ነው፤ ፈሳሽ ያነሰውን ያድነዋል፣ ሽንት የቆመበትን ግን ሊያፍነው ይችላል። በረመዷን ፈሳሽ ታዞለት «እጾማለሁ» የሚል ሕመምተኛም ካለ፣ ለበሽተኛ የተሰጠውን ሩኽሳ ቤተሰቡ ያስታውሰው።

ዲያሊሲስ የዕድሜ ልክ ነውን?

ሐኪሙ «የኩላሊት እጥበት ያስፈልገዋል» ሲል ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ «አንዴ ከተጀመረ አይቆምም» ብሎ እምቢ የሚልም አለ። ይህ ለረጅም ጊዜ ታሞ ለሞተ ኩላሊት እንጂ ድንገት ለደከመው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ዲያሊሲስ ያዳነው የመጀመሪያው ሰው በሆላንድ አገር በ1945 የታከሙ የ67 ዓመት ሴት ነበሩ። ኩላሊታቸው አገግሞ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ኖረዋል። ዛሬም ብዙዎች ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት እጥበት በኋላ ይላቀቁታል። ከዳኑ በኋላም ቢሆን ክሬያቲኒናቸውን በየጊዜው ማስመርመር ይገባቸዋል፤ አንዴ የተጎዳ ኩላሊት ዳግመኛ ለመጎዳት ቅርብ ነውና።

እንግዲህ በሽተኛ መጠየቅ ትልቅ ምንዳ ያለው ተግባር ነው። ስንሄድ ከዱዓችንና ከሾርባችን ጋር ይህችን አንዲት ጥያቄም ይዘን እንሂድ። አላህ ለሕሙማኖቻችን ሁሉ ሺፋውን ይለግስልን።