ሂዩሪስቲክ በችግር አፈታት ውስጥ



«ሂዩሪስቲክ» የሚለው ቃል «ማግኘት» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ግስ የመጣ ነው፤ አርኪሜዲስ ጮኸበት ከሚባለው «ዩሬካ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ትክክለኛውን መልስ እንደሚያስገኝ ዋስትና ሳይሰጥ ፍለጋውን የሚያሳጥር ብልሃት ማለት ነው።

አንድ የጭነት መኪና 20 ከተሞችን አንድ አንድ ጊዜ አዳርሶ ወደ ተነሣበት ይመለስ እንበል። የአንዱን ዙር ግልባጭ ባንቆጥር እንኳ፣ የሚቻሉት ዙሮች ከ60 ሺህ ትሪሊዮን ይበልጣሉ። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ዙር የሚመረምር ኮምፒውተር ሁሉንም ለማየት ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። (ከዚህ የተሻሉ ትክክለኛ ስልቶች መኖራቸውን አልዘነጋሁም፤ ከተሞቹ ሲበዙ ግን እነርሱም ይቸገራሉ።)

ሹፌሩ «ካልደረስኩባቸው ወደሚቀርበኝ ልሂድ» ይላል። ደንቡ መጀመሪያ ላይ ያምራል፤ ወደ መጨረሻው ግን ጥሎት ያለፈውን ከተማ ፍለጋ አገር ያቋርጣል። ስለዚህ ሁለተኛ ብልሃት ይታከላል፦ በካርታው ላይ የሚቆራረጡ ሁለት መስመሮች ሲገኙ ፈትቶ እንደ ገና ማገናኘት። ርቀቱ በቀጥታ መስመር ከተለካ ዙሩ በእርግጥ ያጥራል፤ ከሁሉ አጭሩ ስለ መሆኑ ግን ማረጋገጫ የለንም።

እ.ኤ.አ. በ1978 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኸርበርት ሳይመን፣ ሰው ብዙ ጊዜ ምርጡን ሳይሆን የሚበቃውን እንደሚፈልግ አስተምሯል። እኔ ግን ለዓመታት «ይህ ግምት ነው» እያልሁ በፈተና ወረቀት ላይ ነጥብ ስቀንስ ኖሬአለሁ። ዛሬ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ብልሃታችሁ የት ላይ እንደሚከዳችሁ ጽፋችኋል ወይ?