የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ አገልግሎት ወጪ በማን ይሸፈናል?
በጀርመን ሄሰን ግዛት ለሚኖሩ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በሄሰን ግዛት እሳት የተነሳበት ወይም ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀ ማንኛውም ሰው በ112 በነጻ ደውሎ እርዳታ መጠየቅ ይችላል። እሳት ለማጥፋትና ሰውን ከሞት አደጋ ለማዳን ለሚደረግ ሥምሪት በመርሕ ደረጃ ክፍያ አይጠየቅም። «በኋላ ሂሳብ ይመጣብኛል» በሚል ስጋት ከመደወል ማመንታት ግን የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ የአገልግሎቱ ወጪ ከየት እንደሚሸፈንና ክፍያ የሚጠየቀው መቼ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ተገቢ ነው።

ለጥሪው የሚደርሱት እነማን ናቸው?

በሄሰን ሕግ መሠረት የእሳት አደጋ አገልግሎትን የማቋቋምና የማስታጠቅ ግዴታ ያለበት እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ነው። የነዋሪዎቻቸው ቁጥር ከ100,000 የሚበልጥ ከተሞች ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ያሉት አገልግሎት ሊኖራቸው ይገባል። በአብዛኞቹ ሌሎች ከተሞችና መንደሮች ለጥሪው የሚደርሱት «ፍራይቪሊገ ፎየርቬር» በሚል ስም የሚታወቁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በፍራንክፈርት ከተማም ከባለሙያዎቹ ጎን 28 የበጎ ፈቃደኞች ቡድኖች ያገለግላሉ።

እነዚህ ሰዎች በመደበኛ ሕይወታቸው አናጺ፣ መምህር፣ ነርስ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ናቸው። ጥሪ ሲደርሳቸው ሥራቸውን ወይም እንቅልፋቸውን ትተው ይወጣሉ። ሕጉ አገልግሎቱ እንዲደራጅ የሚያዝዘው፣ ጥሪው ከተላለፈ በኋላ እንደ ደንቡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ውጤታማ እርዳታ መስጠት በሚቻልበት ሁኔታ ነው። ይህም በጎ ፈቃደኞችንም ይመለከታል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

በጎ ፈቃደኞቹ ደመወዝ ባይከፈላቸውም፣ ተሽከርካሪው፣ መሰላሉ፣ የውኃ ቱቦው፣ የመተንፈሻ መሣሪያው፣ መከላከያ ልብሱና ሥልጠናው ወጪ ይጠይቃሉ። ወጪው የሚሸፈነው በዋናነት ከሚከተሉት የሕዝብ ገንዘብ ምንጮች ነው።

• የማዘጋጃ ቤቱ በጀት፦ የአገልግሎቱ ባለቤት ማዘጋጃ ቤቱ በመሆኑ ቀዳሚው ኃላፊነት የእርሱ ነው።
• የግዛቱ ድጋፍ፦ ግዛቱ ለተሽከርካሪ ግዢና ለጣቢያ ግንባታ ድጎማ ይሰጣል፤ በካሰል ከተማ የሚገኘውን የእሳት አደጋ ማሠልጠኛ ተቋምም ያስተዳድራል።
• የእሳት ጥበቃ ግብር፦ ይህ ግብር በፌደራል ሕግ የተደነገገ ሲሆን፣ ለእሳት፣ ለመኖሪያ ሕንፃና ለቤት ዕቃ ከሚከፈል የመድን ዓረቦን ላይ ይታሰባል። ገቢው ለግዛቶች ይተላለፋል። በመሆኑም ለቤት ዕቃው መድን የገባ ተከራይ ሁሉ ለአገልግሎቱ የበኩሉን ያዋጣል።

በጎ ፈቃደኛው በሥራ ሰዓት ለሥምሪት ሲጠራ አሠሪው ሊለቀውና ደመወዙን ሳያቋርጥ ሊከፍለው ይገባል። የግል አሠሪ የከፈለውን ደመወዝ ማዘጋጃ ቤቱ እንዲተካለት መጠየቅ ይችላል። በአገልግሎት ላይ ሳለ ጉዳት ለሚደርስበት በጎ ፈቃደኛም በሕግ የተደነገገ የአደጋ መድን ሽፋን አለው።

ክፍያ ሊጠየቅ የሚችለው መቼ ነው?

• እሳቱ ወይም አደጋው ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የተፈጠረ ሲሆን፤
• አደጋው ከተሽከርካሪ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ለምሳሌ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ዘይት ሲጸዳ፤
• አውቶማቲክ የእሳት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ያለ እሳት ሲጮህ (ክፍያው የሚጠየቀው የመሣሪያው ባለቤት ነው)፤
• የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሳይሆን ለሚሰጥ እርዳታ፣ ለምሳሌ ከምድር ቤት ውኃ ለመምጠጥ ወይም ቁልፍ የተረሳበትን በር ለመክፈት።

አደጋ መኖሩን በቅን ልቦና አምኖ የደወለ ሰው፣ በኋላ እሳት አለመኖሩ ቢረጋገጥም፣ ክፍያ አይጠየቅም። አውቆ የሐሰት ጥሪ የሚያደርግ ሰው ግን ከክፍያው በተጨማሪ በወንጀል ይጠየቃል። በአምቡላንስ መጓጓዝ ከእሳት አደጋ አገልግሎት የተለየ ሲሆን፣ ወጪው በአብዛኛው ከጤና መድን ጋር የሚወራረድ ነው።

የክፍያ ማስታወቂያ ቢደርስ ምን ማድረግ ይገባል?

የክፍያው መጠን በየማዘጋጃ ቤቱ የክፍያ ደንብ ይወሰናል። ማስታወቂያ የደረሰው ነዋሪ በቅድሚያ ክፍያው የተጠየቀበትን ምክንያት፣ የተሠማሩትን ሰዎችና ተሽከርካሪዎች ብዛት እንዲሁም የቆይታውን ሰዓት ያጣራል። ከተሽከርካሪ ጋር የተያያዘ ከሆነ ለመኪና መድን ድርጅቱ ሳይዘገይ ማሳወቅ ይኖርበታል። በውሳኔው የማይስማማ ሰው አቤቱታውን የት እና እስከ መቼ ማቅረብ እንደሚችል ከማስታወቂያው ግርጌ ተጽፎ ያገኛል። ቀነ ገደቡ ካለፈ ውሳኔው የሚጸና በመሆኑ ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ማቆየት አይገባም።

በአገልግሎቱ ለመሳተፍ

ገንዘቡ መሣሪያ ይገዛል፤ መሣሪያውን ይዞ የሚወጣ ሰው ግን ከነዋሪው መካከል መገኘት አለበት። ለመሳተፍ የሚፈልግ ሰው በሚኖርበት ማዘጋጃ ቤት ወይም በአቅራቢያው ባለው የእሳት አደጋ ጣቢያ መጠየቅ ይችላል። መሠረታዊ ሥልጠናና መከላከያ ልብስ የሚሰጡት ያለ ክፍያ ሲሆን፣ ከ10 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆችም በወጣቶች ቡድን ሊታቀፉ ይችላሉ። ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚናገር በጎ ፈቃደኛ፣ በጭንቅ ሰዓት ጀርመንኛ የጠፋውን ጎረቤቱን በራሱ ቋንቋ ሊያረጋጋና ውስጥ የቀረ ሰው እንዳለ ሊጠይቅ ይችላል።