ለቀድሞ ወታደሮች የሚሆን ሐኪም ቤት እንዴት ይታቀዳል?

ጦርነት ሲያበቃ ወታደሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቁስሉም አብሮት ይገባል። አንዱ እግሩን አጥቷል፤ ሌላው ጆሮው አልሰማ ብሎታል፤ ሌላው ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ታዲያ ይህን ሰው ማን ያክመው? የትስ ይታከም? አሜሪካ ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዘችው እንመልከት። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሊያበቃ ሲቃረብ፣ በ1865፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን ለቆሰሉ ወታደሮች መኖሪያ የሚያቋቁም ሕግ ፈረሙ። የመጀመሪያው መኖሪያ በ1866 ሜይን በተባለው ግዛት፣ ቶገስ በሚባል ቦታ ተከፈተ። እዚያው ቦታ ዛሬም የወታደሮች ሆስፒታል አለ። በ1930 የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ተጠቃለለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ብዙ ሆስፒታሎች ተሠሩ።

ጊዜ ሲያልፍ ግን ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ ሕክምናው ተለወጠ። ድሮ በሽተኛው ሆስፒታል ገብቶ ብዙ ቀን ይተኛ ነበር። አሁን ብዙው ታክሞ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ብዙ አልጋ ባዶ ሆነ። ሁለተኛ፣ ሰዉ ቦታ ለወጠ። ከቀዝቃዛው ሰሜን ወደ ሞቃቱ ደቡብ የሄደው ብዙ ነው። ሆስፒታል ግን እግር የለውም፤ በተሠራበት ይቀራል። ያረጀ ሕንፃ ደግሞ ለጥገና ገንዘብ ይበላል። ያ ገንዘብ ለሐኪምና ለመድኃኒት በዋለ ነበር።

ስለዚህ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ በየአካባቢው ትናንሽ ክሊኒኮችን በብዛት ከፈተ። ወታደሩ ለቀላል ሕመም ሩቅ መንገድ መሄዱ ቀነሰ።

ከዚያም በ2018 አንድ ሕግ ወጣ። ሕጉ ሆስፒታሎቹ ሁሉ ተመርምረው የትኛው ይታደስ፣ የትኛው ይዘጋ፣ የት አዲስ ይሠራ የሚል እቅድ እንዲቀርብ አዘዘ። እቅዱ በመጋቢት 2022 ቀረበ። ብዙ ሰዎች ግን፣ «ሆስፒታሉ ቢዘጋ በገጠር ያለው ወታደር የት ይሂድ?» ብለው ተቃወሙ። በዚያው ዓመት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት እቅዱን የሚመረምሩትን ሰዎች ሹመት ሳያጸድቅ ቀረና ሥራው ቆመ። አሮጌዎቹ ሕንፃዎች ግን ማርጀታቸውን አላቆሙም።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሐኪም ቤት ከመሠራቱም ከመዘጋቱም በፊት ሦስት ነገር ይጠየቃል። በሽተኞቹ ስንት ናቸው? የት ይኖራሉ? ሕመማቸው ምንድን ነው? መልሱን ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው በሽተኛው ራሱ ነው። እሱን ያልጠየቀ እቅድ በወረቀት ላይ ቢያምርም ሥራ ላይ አይውልም። ጥያቄውም በጊዜ ይሁን፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ጥያቄዎች
1. ብዙ አልጋ ባዶ የሆነው ለምንድን ነው?
2. እቅዱ የቆመው ለምንድን ነው?
3. በአካባቢያችሁ ሐኪም ቤት ቢሠራ የት ቢሆን ይሻላል? ተወያዩበት።