ስም ጠፋ፣ እስክስታው ቀረ

ዛሬ ስለ መርሳት በሽታ እናወራለን።

ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር የኖራችሁ የዓርብን ከሰዓት ታስታውሱታላችሁ። ከየቪላው ጓሮ ባለችው የሠራተኛ ክፍል እረፍት የወጡ ሴቶች ይሰበሰባሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ካሴት ይከፈታል። ኤርፖርቱ ቅርብ ነውና አውሮፕላን በላያችን ያልፋል።

ከነዚያ ክፍሎች በአንዷ አንዲት የጎንደር እናት ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። በደርግ ጊዜ በመተማ በኩል የወጡ ናቸው። ሠላሳ ዓመት አቀላጥፈው የተናገሩት አረብኛ ጠፋባቸው፤ አማርኛው ብቻ ቀረ። ልጃቸውን «እህቴ» ይሏታል። አውሮፕላን ሲያልፍ «ድብደባ መጣ፣ ግቡ!» እያሉ ይጮኻሉ። «አገሬ ልግባ» ብለው ሁለት ጊዜ አስፋልት ላይ ተገኝተዋል፤ ስለዚህ ልጅቷ ሥራ ስትሄድ በሩን ከውጭ ትቆልፍባቸው ጀመር። ምን ታድርግ! አንዱ «ጃጅተዋል» ይላል፣ ሌላው «ለክፈት ነው» ይላል።

አንድ ዓርብ ሴቶቹ የፕላስቲክ ሳፋ ገልብጠው መምታት ጀመሩ። እኚያ እናት መጀመሪያ ጣታቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ ትከሻቸው። ተነሡ። እስክስታው እንዳለ ነበር! ልጃቸውን እጇን ይዘው አስነሷትና ፊት ለፊት ገጠሟት። ዘፈኑ ሲያልቅም በስሟ አልጠሯትም፤ ግን ዓይን ዓይኗን እያዩ ይስቁ ነበር። ልጅቷ ማድ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ለካስ ነገሩ ምክንያት አለው። አልዛይመር (ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ያስታወቀው በሽታ ነው) በብዙዎች ላይ መጀመሪያ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘገብበትን የአንጎል ክፍል ነው። ሰውነት በልማድ የያዘው እንቅስቃሴና የልጅነት ዜማ ግን ሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ ይቆያል። በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ ነው። እርግማን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኒውዮርክ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆኑ 469 ሰዎች የተከታተለ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከአካል እንቅስቃሴዎች መካከል የመርሳት በሽታ ከማነሱ ጋር ተያይዞ የተገኘው ጭፈራ ብቻ ነው። ጭፈራ በሽታውን ያድናል ማለት ግን አይደለም፤ እስካሁን የሚያድን መድኃኒት የለም።

እስቲ ቤታችሁ ሞክሩት። የወጣትነታቸውን ዘመን ዘፈን ምረጡ፤ የእናንተን አይደለም። የወሎው የወሎ፣ የትግራዩ የትግራይ ይሁን። መቆም ካቃታቸው ተቀምጠውም ትከሻ ይመታል። ጥላ ሥር ይሁን፣ ውኃ አቅርቡ፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ይቁም። «እኔ ማን ነኝ?» እያላችሁ አትፈትኗቸው፤ መልሱ ሲጠፋባቸው ያፍራሉ። ስማችሁን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ደህና የነበሩ ሽማግሌ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከተምታታባቸው ወባ፣ ኢንፌክሽን ወይም የውኃ እጥረት ሊሆን ይችላል። በቶሎ ክሊኒክ ውሰዷቸው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲፈነዳ ኤርፖርቱ ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ ነበር። ያቺን የተቆለፈች በር ሳስብ ይዘገንነኛል። እናታችን ግን ቀድመው አርፈዋል። ልጅቷ አሁን ከኛው ጋር በካምፕ አለች። ጎረቤቷ ያሉ አዛውንት መርሳት ጀምረዋል፤ ማታ ማታ ባዶ ጄሪካን ይዛ ትሄዳለች። ከበሮ ያላችሁ ብታውሷት ደስ ይላታል።