ከዋጋው በፊት የምጠይቀው

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጡረተኞችን በጤና ኢንሹራንስ ጉዳይ ሳማክር አብዛኞቹ «የቱ ይረክሳል?» ብለው ይጀምራሉ። እኔ ግን አስቀድሜ «አገር ቤት ሲሄዱ ስንት ጊዜ ይቆያሉ?» እላለሁ።

በቅርቡ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ። 65 ዓመት ሊሞላቸው ሲል የጎረፈውን የማስታወቂያ ፖስታ በፌስታል ይዘውታል። ልጅቷ በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠውን ሜዲኬር አድቫንቴጅ መርጣላቸዋለች፤ ከፓርት ቢ (የሜዲኬር የሐኪም ሽፋን) ክፍያ ሌላ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ጥርስና መነጽርም ይጨምራል። ተሳስታለች አልልም። መንግሥት የሚሰጠው ሜዲኬር ብቻውን ከሐኪም ወጪ 80 በመቶውን ነው የሚከፍለው፤ የቀረው 20 በመቶ ጣሪያ የለውም። አድቫንቴጅ በዓመት ከኪስ ለሚወጣው ጣሪያ ያበጃል። በምትኩ ሐኪሙን ከራሱ ዝርዝር ያስመርጣል፣ ለብዙ ሕክምናም ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል።

እኒህ አባት ደግሞ ከገና እስከ ፋሲካ አዲስ አበባ ናቸው። ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። በአድቫንቴጅ ፈንታ ሜዲኬር የማይከፍለውን ለማሟላት ከሚገዛው ሜዲጋፕ ዓይነቶች ፕላን ጂ እና ፕላን ኤን ግን ውጭ አገር ድንገተኛ ሕመም ሲያጋጥም ከመጀመሪያው 250 ዶላር በኋላ 80 በመቶውን ይሸፍናሉ፤ ያውም ጉዞው በተጀመረ በ60 ቀናት ውስጥ ለደረሰ ሕመም፣ በዕድሜ ልክ እስከ 50,000 ዶላር። «በሁለት ወርማ ዘመድ ጠይቄም አልጨርስ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለቀሪው ጊዜ የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋቸዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። 65 ሞልቶ ፓርት ቢ ከተጀመረበት ወር አንስቶ ባሉት 6 ወራት ማንም ኩባንያ በሕመም ምክንያት ሜዲጋፕ አልሸጥም ሊል አይችልም። ከዚያ በኋላ በአብዛኞቹ ግዛቶች ስለ ስኳሩም ስለ ልቡም ይጠይቃል፣ ሊከለክልም ይችላል። በ65 ዓመቱ በአድቫንቴጅ የጀመረ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ያለ ጥያቄ ሜዲጋፕ መግዛት የሚችለው በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ነው። አድቫንቴጅ ግን በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ይገኛል። ስለዚህ ወርሃዊውን ክፍያ አቅም ከፈቀደ፣ በተለይ ስኳርና ደም ግፊት ላለበት ሰው፣ እኔ ወደ ሜዲጋፕ አደላለሁ። የመድኃኒቱ ፓርት ዲ ለብቻው ይገዛል።

ፕላን ጂ ከየትም ኩባንያ ቢገዛ ሽፋኑ አንድ ነው፤ የሚለያየው ዋጋው ነው። ልጅቷን የሦስት ኩባንያዎችን ዋጋ፣ ባለፉት ዓመታት ስንት ስንት እንደጨመሩም ጭምር ጠይቃ እንድትመጣ ነገርኳት።