ጎረቤት ቀድሞ ሲጮኽ፦ የኢንተርኔት ቀጥታ ስርጭት ለምን ይዘገያል?

ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ዕለቱ እሑድ ነበር። በፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች ማራቶን ፍጻሜ ላይ ትዕግስት አሰፋ እና ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሲፋን ሐሰን ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው መጡ። ሲፋን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ቀድማ ገባች። ትዕግስት በ3 ሰከንድ ተቀድማ የብር ሜዳሊያ ወሰደች። ከ42 ኪሎ ሜትር በላይ የተሮጠበት ውድድር አሸናፊውን የለየው በ3 ሰከንድ ነው።

እንዲህ ያለውን ፍጻሜ በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በአንድ ሕንጻ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች ይከታተላሉ እንበል። አንደኛው በዲሽ፣ ሌላው በስልኩ በኢንተርኔት ነው የሚያየው። በስልክ የሚያየው ሰው ሯጮቹ ገና ከመጨረሻው መታጠፊያ ሳይደርሱ ከግድግዳው ማዶ “ወይኔ!” የሚል ድምፅ ይሰማል። ለእርሱ ውድድሩ እዚያ ላይ አበቃ። በ30 ሰከንድ የዘገየ ስርጭት ትዕግስትንና ሲፋንን ከለየው ጊዜ ዐሥር እጥፍ ወደ ኋላ የቀረ ነው።

ነገሩ በስፖርት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የወላጁን የቀብር ሥነ ሥርዓት ከባሕር ማዶ በስልክ የሚከታተል ልጅ፣ በኢንተርኔት የሚማር ተማሪ፣ በቀጥታ ውይይት ላይ ደውሎ አስተያየት የሚሰጥ አድማጭ ሁሉ የዚሁ መዘግየትና መቆራረጥ ተጠቂዎች ናቸው። ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ርቀቱ ነውን?

ብዙዎች ጥፋቱን በርቀት ያሳብባሉ። ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። የቴሌቪዥን ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ምልክቱ ወጥቶ እስኪመለስ ሩብ ሰከንድ ያህል ብቻ ይፈጅበታል። በዲሽ የሚታየው ስርጭት ከዚህ የሚበልጥ መዘግየት ካለው ምክንያቱ ምስሉን ለማመቅና ለመፍታት የሚወስደው ጊዜ ነው።

በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ደርሶ መልሱ በብርሃን ፍጥነት ከሰከንድ አንድ ሃያኛ ያህል ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት የኢንተርኔት መስመሯ በጎረቤት አገሮች አልፎ ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር ይገናኛል፤ መንገዱም ከቀጥታው መስመር ይረዝማል። እንዲያም ሆኖ ጉዞው በሰከንድ ክፍልፋይ የሚቆጠር ነው። የቀሩት ሰከንዶች የጠፉት በጉዞ ሳይሆን በመጠበቅ ነው።

ቪዲዮው ተቆራርጦ ይላካል

የዛሬው የኢንተርኔት ቪዲዮ በአብዛኛው እንደ ወንዝ አይፈስም፤ ተቆራርጦ ነው የሚላከው። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ያስተዋወቀው ኤችኤልኤስ የተባለው ስልት ቪዲዮውን በጥቂት ሰከንዶች ይከፋፍለዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ ተራ ፋይል በሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ የተመልካቹ ስልክም አንድ በአንድ ይጠይቀዋል። ይህ አሠራር ስርጭቱ በመላው ዓለም በሚገኙ ተራ ሰርቨሮች ላይ እንዲባዛና ለሚሊዮኖች በርካሽ እንዲደርስ አስችሏል።

ዋጋው ግን ጊዜ ነው። የ6 ሰከንድ ቁራጭ ለመላክ መጀመሪያ 6ቱ ሰከንድ ተቀርጾ ማለቅ አለበት። ማጫወቻው ደግሞ በተለምዶ 3 ቁራጭ ወደ ኋላ ቀርቶ ይጀምራል። ሦስት ጊዜ 6 18 ሰከንድ ነው፤ ቁራጩ የ10 ሰከንድ ከሆነ 30 ይደርሳል። ምስሉን የማመቁና ወደ ሰርቨር የማድረሱ ጊዜ በዚህ ላይ ይጨመራል።

የሮቶው ምሳሌ

ማጫወቻው ሦስት ቁራጭ የሚያጠራቅመው ለምንድን ነው? ለአዲስ አበባ ነዋሪ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው ሮቶ ይተክላል። የቧንቧው ውኃ ሲቋረጥ ሮቶው እስኪያልቅ ድረስ ቤተሰቡ ምንም አይጎድልበትም። ማጫወቻውም የራሱ ሮቶ አለው፤ ኔትወርኩ ለጥቂት ሰከንዶች ሲደክም ከተጠራቀመው ያሳያል። ሮቶው ባዶ ሲሆን ምስሉ ቆሞ ያቺ የምትሽከረከር ክብ ብቅ ትላለች።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሮቶው በተለቀ ቁጥር ስርጭቱ አይቆራረጥም፤ ነገር ግን የሚታየው የቆየ ነው። ሮቶው ባነሰ ቁጥር የሚታየው ትኩስ ነው፤ ነገር ግን ትንሽ የኔትወርክ መዋዠቅ ያቋርጠዋል።

ጥራቱ ለምን ይወርዳል?

ሰርቨሩ አንዱን ቪዲዮ በተለያየ የጥራት ደረጃ አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። ማጫወቻው ያለፈው ቁራጭ በምን ያህል ፍጥነት እንደደረሰና በሮቶው ውስጥ ስንት ሰከንድ እንደቀረ እያየ ቀጣዩን ቁራጭ ከየትኛው ደረጃ እንደሚወስድ ይወስናል። ምሽት ላይ ሰዉ ወደ ቤቱ ገብቶ ሁሉም ያንኑ የኔትወርክ ምሰሶ ሲጋራ ምስሉ በድንገት የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። መደብዘዙ ብልሽት ሳይሆን ስርጭቱ እንዳይቆም የተደረገ መሥዋዕትነት ነው።

ጥራት የኪስም ጉዳይ ነው። በሰከንድ 3 ሜጋ ቢት የሚወስድ ምስል በሰዓት 1.35 ጊጋ ባይት ይበላል። ያን ማራቶን ከመነሻው እስከ ፍጻሜው በዚህ ጥራት ያየ ሰው 3.2 ጊጋ ባይት ገደማ ያወጣል። በ0.8 ሜጋ ቢት የሚያይ ግን 860 ሜጋ ባይት ያህል ይበቃዋል። በትንሽ የስልክ ስክሪን ላይ የሁለቱ ልዩነት ከዋጋው ያነሰ ነው።

መዘግየትን የመቀነስ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ቁራጩን ማሳጠር ነው። የ2 ሰከንድ ቁራጭ 18ቱን ሰከንድ ወደ 6 ያወርደዋል። ነገር ግን የታመቀ ቪዲዮ አብዛኛው ክፍሉ ካለፈው ምስል ጋር ያለውን ልዩነት ብቻ የሚመዘግብ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ግን በሙሉ ምስል መጀመር አለበት። ሙሉ ምስል ደግሞ ብዙ ዳታ ይወስዳል። ቁራጩ ባጠረ ቁጥር ሙሉ ምስሎች ይበዛሉ፤ በዚያው የዳታ መጠንም ጥራቱ ይቀንሳል።

ሁለተኛው መንገድ ቁራጩ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ በንዑሳን ክፍሎች እያደረጉ መላክ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ያስተዋወቀው ዝቅተኛ መዘግየት ያለው ኤችኤልኤስ በዚህ ዘዴ መዘግየቱን ወደ ጥቂት ሰከንዶች ያወርዳል።

ሦስተኛው ዌብአርቲሲ ነው። ይህ ለቪዲዮ ጥሪ የተሠራ ቴክኖሎጂ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ መስፈርት ሆኖ ጸድቋል። በመንገድ የጠፋች የመረጃ ጥቅል እስክትመለስ ሁሉንም ከማስቆም ይልቅ ትቷት ያልፋል። መዘግየቱ ከሰከንድ በታች ነው፤ በአንጻሩ ምስሉ አንዳንዴ ይሰባበራል፤ ለብዙ ሺህ ተመልካች ማድረሱም ውድ ነው። ለንግግር ግን አማራጭ የለውም፤ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ያልበለጠውን ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ሰልፍ

አንዳንዴ ጥፋቱ ከቤት አይወጣም። በሥራ መውጫ ሰዓት ሀይሌ ጋርመንት ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሰልፉ ከረዘመ የታክሲው ፍጥነት አይጠቅመውም። ራውተርም እንዲሁ ነው። አንዱ የቤተሰብ አባል ትልቅ ፋይል ሲጭን የሌላው የቪዲዮ ጥቅሎች ከኋላው ይሰለፋሉ። ስለዚህ በቀጥታ ስርጭት ሰዓት ከባድ ጭነቶችን ማቆም፣ ወደ ራውተሩ መቅረብ ወይም ቴሌቪዥኑን በኬብል ማገናኘት ተጨማሪ ፓኬጅ ከመግዛት በፊት መሞከር ያለበት ነው።

ሰርግ፣ ቀብር ወይም ስብሰባ በስልክ የሚያሰራጭ ሰው አስቀድሞ ከቦታው የመላኪያ ፍጥነቱን ይለካ፤ የመላኪያ ፍጥነት ከማውረጃው አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነውና። የምስሉን መጠንም ከተለካው ግማሽ ባልበለጠው ላይ ቢወስን ለመዋዠቅ መጠባበቂያ ይኖረዋል። ለድምፅም ቅድሚያ ይስጥ። በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት የሚወስድ ንግግር በሰዓት 29 ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም፤ ምስሉ ደብዝዞ ድምፁ ጥርት ያለ ስርጭት ይከታተሉታል፤ ድምፁ የሚቆራረጠውን ግን ማንም አይታገሠውም።

ፍጥነትን፣ ጥራትንና አለመቆራረጥን ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ አሰራጩ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው “ለዚህ ስርጭት የትኛው ይቅር?” ብሎ ነው። የቀብር ሥነ ሥርዓት 30 ሰከንድ ቢዘገይ ባሕር ማዶ ያለው ልጅ አይጎዳም፤ ጸሎቱ መሐል ላይ ቢቋረጥበት ግን ይጎዳል። በ3 ሰከንድ በሚለይ ማራቶን ደግሞ ምስሉ ጥቂት ቢደበዝዝ ይቻላል፤ የማይቻለው ውጤቱን ከጎረቤት መስማት ነው።